መሰንቆና ጥሩምባ፦ የከተማ ሙዚቃችን ከየት መጣ?

የአንድ ሕዝብ ሙዚቃ ከኑሮው ተነጥሎ የቆመ ጌጥ አይደለም። ገበሬው ሲያርስና ሲያጭድ፣ እናት ልጇን ስታስተኛ፣ ጀግና ሲፎክር፣ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ፣ ካህን ሲያሸበሽብ ድምፅ አለ፤ ድምፁም ያንን ኑሮ ይመስላል። ኑሮው ሲለወጥ ሙዚቃው ይለወጣል። ይሁንና ስለ ሙዚቃችን በምንጽፍበትና በምናስተምርበት ጊዜ አንድ የተለመደ ክፍፍል አለ። አንዱን «ባህላዊ» ሌላውን «ዘመናዊ» እንላለን። ባህላዊው የገጠር፣ የጥንትና የማይለወጥ፤ ዘመናዊው ደግሞ የከተማ፣ ከውጭ የመጣና የሚያድግ ተደርጎ ይቆጠራል። ቴአትር ቤቶቻችንም ባለሙያዎቻቸውን በዚሁ መሠረት በሁለት ክፍል አስቀምጠው ኖረዋል።

ታሪኩን ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው ግን ክፍፍሉ ከድምፁ ይልቅ በማዕረጉ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ይገነዘባል። ጥሩምባውና ሳክስፎኑ ከባሕር ማዶ መጡ እንጂ በእነርሱ የተነፋው ዜማ፣ የተመታው ምትና የተነገረው ቅኔ ከመሰንቆና ከክራር የተገኘ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕዳው ለማን እንደሚገባ ማሳየት ነው።

የአዝማሪው ዕጣ

አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። ከሥሩ ስንመረምረው «መዝሙር» ከሚለው የተከበረ ቃል ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በኅብረተሰቡ ውስጥ ያገኙት ዕጣ የተለያየ ሆነ። መዝሙሩ ከመቅደስ ገባ፤ አዝማሪው ከደጅ ቀረ። በግብር አዳራሽ፣ በሠርግና በዘመቻ ያለ እርሱ ደስታም ወኔም አይሞላም ነበር፤ ሆኖም ሰውን «አዝማሪ» ብሎ መጥራት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ ስድብ ተቆጥሮ ኖሯል። እንደ ሸማኔው፣ እንደ ሸክላ ሠሪዋና እንደ ቀጥቃጩ ሁሉ አዝማሪውም ሥራው የሚፈለግ፣ ራሱ ግን የሚናቅ የእጅ ባለሙያ ነበር።

መሣሪያው መሰንቆ ነው። በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ረጅም አንገት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፤ መገዝገዣውም እንዲሁ በፈረስ ጭራ የተወጠረ ደጋን። በዚህ አንድ ክር ላይ የሚወጣው ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ጋር ይፎካከራል። በአንገቱ ላይ ድምፁን የሚወስን ምልክት ወይም ጉጥ ስለሌለው የተጫዋቹ ጣት ዜማውን እንደ ልቡ ያንሸራትታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይሰብራል። መሰንቆው ከዘፋኙ ጋር ያንኑ ዜማ ይዞ ይሄዳል፤ ግን ጥላው እንጂ ግልባጩ አይደለም፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል፣ አንዳንዴ ይከተለዋል። ይህ አካሄድ በኋላ በከተማው ባንድ ውስጥ እንዴት እንደ ተመለሰ ወደ ፊት እናያለን።

አዝማሪው ግጥሙን በቃሉ ይቋጥራል። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፤ በሰምና ወርቅ ያመሰግናል፣ በሰምና ወርቅ ይወጋል። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን ወሬ አድራሽ እርሱ ነበር፤ ገበሬው በጌታው ፊት ሊናገር የማይችለውን ነገር የሚናገርለትም እርሱ ነበር። የአዝማሪን ኃይል በሚገባ የተረዳው ጠላት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ የኢጣልያን አገዛዝ ፍጻሜ ይተነብያሉ፣ ሕዝቡንም ያነሣሣሉ ያላቸውን ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። እኛ ከማዕድ ጫፍ ያስቀመጥነውን ሰው ፋሺስቱ ከአርበኛ ተራ ቆጠረው።

በሸክላ የተቀረጸው የመጀመሪያው ሙዚቃችንም የዚሁ ጥበብ ድምፅ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ሥራ የተማሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማና በተከታዮቹ ዓመታት በዚያው አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እኒህ ሰው ባለሥልጣንም፣ የታወቁ ባለቅኔም ነበሩ። የአውሮፓ የቀረጻ መሣሪያ ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ከፊቱ የቆመው የአዝማሪ ስልት ነበር።

የነሐሱ መንገድ

ከዐድዋ ድል በኋላ ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ያላት ግንኙነት ሲሰፋ፣ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የተላኩ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች አዲስ አበባ ገቡ። እምቢልታና መለከት፣ ነጋሪትና ከበሮ የቤተ መንግሥት ድምፅ በነበሩበት አገር ሌላ የክብር ድምፅ ተጨመረ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከጭፍጨፋ የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ያቋቋሙትን የነሐስ ባንድ ሰሙ። አርባዎቹ ልጆች ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዘውድ በዓል ላይ የተሰማው ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የናልባንዲያን፣ ግጥሙ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። አገሩን ያጣ ስደተኛና የቅኔ ቤት ልጅ በአንድ ሥራ ተገናኙ።

ከነጻነት በኋላ በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስና በማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተቋቋሙ። ኖታ ማንበብን፣ በኅብረት መጫወትን፣ በሰዓት መገኘትን ያስተማሩ ትምህርት ቤቶች እነዚህ ነበሩ። ግን የተማሩት ወጣቶች ጆሮ ባዶ አልነበረም። የሠርግ ዘፈኑን፣ ቀረርቶውንና ሽለላውን በልጅነታቸው ሰምተው ያደጉ ናቸው። ማርሽና ቫልስ ሲያጠኑ ውለው ማታ አድማጩ የሚጠይቃቸው ሌላ ነበር፤ ትዝታን ይጠይቃቸው ነበር።

መድረክና የነፋስ ስልክ

አዝማሪውንና ባንዱን አንድ ጣሪያ ሥር ያስገባው መድረኩ ነው። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ደጃፍ ላይ በደረሰበት ወቅት በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ሕዝቡን በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንና በትርኢትም ለመቀስቀስ የተነሣ ነበር። ከነጻነት በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ ሲቀጥል ከየአገሩ የመጡ መሰንቆና ክራር ተጫዋቾች በዚያ ደመወዝተኞች ሆኑ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በሽልማት ይኖር የነበረው አዝማሪ ሠራተኛ ሆነ፤ ስሙም «ድምፃዊ»፣ «ተጫዋች»፣ «አርቲስት» ተባለ። ጥበቡ ያው ሲሆን ስድቡ ብቻ ተነሣለት። እንደ ካሣ ተሰማ፣ እንደ ሜሪ አርምዴና እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ የክራር ባለሙያዎች የከተማውን ሰው ጆሮ ያሸነፉት በዚህ መንገድ ነው። አስናቀች ከመጀመሪያዎቹ ሴት የመድረክ ተዋንያን አንዷም ነበሩ፤ ለሴት ልጅ በመድረክ መቆም ምን ያህል ድፍረት ይጠይቅ እንደ ነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው አገናኝ ሬድዮ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የዛሬው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የስሙን ግማሽ ያገኘው ከዚህ ታሪክ ነው፤ አባቶቻችን ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መገናኛ «የነፋስ ስልክ» ብለው ጠሩት። ስሙ ራሱ ግጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመረው የሬድዮ ስርጭት ከነጻነት በኋላ ሲጠናከር የባንዶቹን ዘፈን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ሻይ ቤትና ወደ ጠጅ ቤት አደረሰው። አንድ የወሎ ዜማ በአዲስ አበባ ባንድ ተጫውቶ በነፋስ ላይ ተጭኖ ወደ ወሎ ሲመለስ፣ የተወለደበት አገር ሰው በአዲስ ልብሱ ሰምቶ ያውቀዋል። ያን ጊዜ የገጠሩ የት አበቃ? የከተማውስ የት ጀመረ?

አምስቱ ድምፆች

የትግሉን ምንነት ለመረዳት ወደ ቅኝቱ መግባት ያስፈልጋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በመባል የሚታወቁት ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። የአውሮፓው ስምምነት ደግሞ ሦስት ድምፆችን በአንድነት በማሰማት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከ«ዶ» ቢነሣ «ሚ»ን እና «ሶል»ን ይፈልጋል። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ለዚህ አያስቸግርም። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ «ሚ» የለበትም። አንቺሆዬማ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ሲሆን «ሚ»ም «ሶል»ም የሉትም። ስለዚህ የአውሮፓን ስምምነት እንዳለ በላዩ የሚጭን ሰው ቤቱን ያለ መሠረት ይሠራል፤ የጎደለውን ድምፅ ከውጭ ቢጨምር ደግሞ ቅኝቱ ይጠፋል።

ይህን ችግር በትዕግሥት ከመረመሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን ናቸው። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ውስጥ፣ የአገሩን ዜማ ለብዙ መሣሪያ ሲያቀናብሩ ቅኝቱን ለስምምነቱ ሳይሠዉ ለመሥራት ደከሙ። በባዕድ አገር ተወልደው የዚህን አገር ጆሮ ማክበራቸው ሊመሰገን ይገባል።

ሌላው መልስ ከኖታው ሳይሆን ከተጫዋቹ ትንፋሽ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ባልደረባ የነበሩት ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን አመጡ። ሽለላ ጀግና ከውጊያ በፊት ደሙን የሚያሞቅበት፣ ድምፁ የሚሰበርና የሚያጓራ ጥሪ ነው፤ በልኩ ተቆርጦ የሚቆጠር ምት የለውም። ጌታቸው የነሐሱን መሣሪያ እንደ ፎካሪ ጉሮሮ አስጮኹት፤ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቢሆንም ድምፁ በመሰንቆ ክር ላይ እንደሚንሸራተት ጣት ይንሸራተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት የሸክላ አልበም የዚህ ምስክር ነው። መሣሪያው ከውጭ መጣ፤ አነጋገሩን ግን ከሽለላ ተማረ።

የባሕር ማዶ ምሳሌ

ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የሌላውን መንገድ ማየት የራሳችንን ያብራራል። በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ጓቴማላ ማሪምባን በ1978 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ መሣሪያ ብላ አውጃለች። ማሪምባ የእንጨት ጠፍጣፎችን ደርድረው በመዶሻ የሚመቱት መሣሪያ ነው፤ ስሙም አሠራሩም ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች ጋር የተሻገረ ነው። በአገሬው ሕንዳውያን ገበሬዎች እጅ ለዘመናት ከኖረ በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ እንደ ፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ያለ ሁለተኛ ረድፍ ተጨመረለት፤ ያን ጊዜ የአውሮፓን ቫልስ ሁሉ ለመጫወት ቻለ፣ ወደ ከተማ አዳራሾችም ገባ። በሆንዱራስ፣ በቤሊዝና በጓቴማላ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ጋሪፉናዎችም የከበሮ ጭፈራቸውን ፑንታን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አገናኝተዋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጓቴማላዎች የራሳቸውን መሣሪያ ለውጠው የውጭውን የድምፅ ሥርዓት እንዲናገር አደረጉት። የእኛዎቹ ደግሞ የውጭውን መሣሪያ ተቀብለው የራሳቸውን ቅኝት እንዲናገር አስገደዱት። ሁለቱም ፈጠራ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ግን የከተማው አዳራሽ ጥሬ ዕቃ ከተናቀ ሰው እጅ የመጣ ነው።

ጅማ ተወልደው በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ሙዚቃ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ ሁለቱን መንገዶች አገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ ያሳተሟቸው ሥራዎች በላቲን አሜሪካ ምት የተሞሉ ነበሩ። ወደ አገር ተመልሰው ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ከጃዝ ጋር ባዋሐዱበት ሥራቸው ውስጥ ዋና መሣሪያቸው ቫይብራፎን ነው፤ ይህም የማሪምባ የብረት ዘመድ ነው። ከአፍሪካ በግዞት የወጣ ድምፅ ዓለምን ዞሮ በአንድ የጅማ ልጅ እጅ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ሸክላው፣ ክሩና የሰዓት እላፊው

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በክቡር ዘበኛ የተመራ ስለ ነበረ መከራው ለዘፋኞቹም ተረፈ፤ ጥላሁን ገሠሠም ለጊዜው ታስረዋል። ከዚያ ወዲህ ባንዶች ቀስ በቀስ ከጦር ሰፈር ወደ ሆቴልና ወደ ክበብ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ፤ በየብሔረሰቡ ለየብቻ ይኖሩ የነበሩ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተሰለፉ። በኋላ ቡድኑን የመሩት ተስፋዬ ለማ የዚህን ሥራ ፍሬ ለትውልድ አቆዩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በአሸናፊ ከበደ ዳይሬክተርነት ሥራ ጀመረ።

ሸክላ ማሳተም በሕግ የሀገር ፍቅር ብቸኛ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ገደብ በድፍረት ጥሰው የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቆሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚጠጉ አልበሞችን አወጡ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ድምፅ ከዚህ ድርጅትና ከተከታዮቹ የወጣ ነው። ሲደመጥ ጊታሩና ኦርጋኑ ከፊት ይሰማሉ፤ ምቱን ለሚያውቅ ግን ከሥሩ የሠርግ ቤቱ ችክችካ አለ፤ ዘፋኙና ሳክስፎኑም አዝማሪና መሰንቆ እንደሚከታተሉት ይከታተላሉ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ዘመን ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል የኪነት ቡድኖች በየቀበሌውና በየክፍለ አገሩ ተቋቁመው ከዚያ በፊት መድረክ ያላዩ የብሔረሰቦች ዘፈኖችና ጭፈራዎች ተሰሙ፤ ከድርቁ በኋላም «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የኪነት ጉዞ በርካታ አገሮችን ዞረ። በሌላ በኩል ቅድመ ምርመራው የግጥሙን ምላስ አሠረ፤ የሰዓት እላፊውም የሌሊቱን ከተማ ዘጋ። ባንዶች በሆቴል ውስጥ ከአድማጮቻቸው ጋር ተቆልፎባቸው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። አምሃ እሸቴ አገር ለቀው ወጡ። ሸክላው በካሴት ተተካ፤ ካሴቱ ርካሽ ስለ ነበረ ሙዚቃውን ወደ ብዙ ሰው አደረሰው፣ በጥራት ግን ጎዳው። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ የተጓዘው የዋልያስ ባንድ አባላት ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር ብቻቸውን ተጫውተው የቀረጹት ካሴት ከአገር የራቀ ሰው ትዝታ ነው፤ በኋላም ለረጅም ዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ዓለም አጨበጨበላቸው።

ዕዳው

በ1990 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰባሳቢነት «ኤትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ እትም በፓሪስ መውጣት ጀመረ። እኛ የረሳናቸውን ሸክላዎች ዓለም ገዝቶ ሰማቸው። የነጋድራስ ተሰማም ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ በዚሁ እትም ውስጥ ተሰማ። ደስ ያሰኛል፤ ያሳስባልም። የራሳችንን ድምፅ ዋጋ እስኪያስታውሰን ድረስ የውጭ ሰው መጠበቅ ነበረብን?

ዛሬ በላፍቶ፣ በለቡና በጀሞ የሠርግ ድንኳኖች ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን የሙሉ ባንድ ሥራ ይሠራል፤ ከበሮውን መሣሪያው ራሱ ይመታለታል። የሚዜው ጭፈራ ሲሞቅ ግን መሰንቆ ተጫዋቹ ይጠራል፤ ያለ እርሱ ሙሽራውን በስሙ የሚያሞግስ የለምና። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአዝማሪ ቤቶች በብዛት የተከፈቱበት የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. በከተማው ልማት ፈርሷል። ከተማ መልኩን መለወጡ አይቀርም። የአዝማሪ ቤት ግን ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ከአባቱ፣ ወጣት ከአዛውንት እያየ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። ሕንፃ በፕላን ይተካል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ትምህርት ግን አንድ ትውልድ ከዘለለ የሚተካው የለም።

ስለዚህ ሥራው የሁላችንም ነው። መምህሩ ስለ ሙዚቃ ታሪክ ሲያስተምር ከነሐስ ባንድ ባይጀምር፣ መሰንቆውን የጥንት ቅርስ አድርጎ በመስታወት ውስጥ ባያስቀምጠው መልካም ነው። የባህል ሠራተኛው በበዓል ቀን አዝማሪውን ለጌጥ ከመጥራት ይልቅ በወረዳው ያሉትን ባለሙያዎች ይመዝግብ፣ ድምፃቸውን ያስቀርጽ፣ ስማቸውን ከሥራቸው ጋር ያኑር። ሙዚቀኛው የቀደመውን ዜማ ሲያድስ ምንጩን ይናገር። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም ዲፕሎማ የሌለውን አዝማሪ በመምህርነት ወንበር ላይ ለማስቀመጥ አይፈሩ፤ ጥሩምባውን ያስተማረው እርሱ ነውና።

ክብር የሚሰጠው በሐውልት ብቻ አይደለም። «አዝማሪ» የሚለው ቃል አንድ ልጅ አባቱ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሲጠየቅ ሳያፍር የሚመልሰው ቃል በሆነ ቀን፣ ባህላዊና ዘመናዊ ብለን የከፈልነው ሙዚቃ በእውነት አንድ ሆነ ማለት ይቻላል።